የክቡር መራጭ ሁለት ሞተሮች

ገንዘብ ያለው ሰው መምረጥ አያውቅም። ይህን የምንለው ቀንተን አይደለም፤ አይተን ነው። ገንዘብ ያለው ሰው ሱቅ ይገባል፣ ጣቱን ይቀስራል፣ ጠቅልለው ይሰጡታል። ቤቱ ደርሶ ካልወደደው በማግሥቱ ተመልሶ ጣቱን ወደ ሌላው ይቀስራል። መሳሳት ስለሚችል መጠንቀቅ አያስፈልገውም። መምረጥን እንደ ሙያ የያዘው፣ የሚጨነቅበት፣ የሚያወጣ የሚያወርደው የመግዛት ተስፋ የሌለው ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አይጠፋም። አንዱ ቁራሽ መሬት ሳይኖረው የሳሎኑን መስኮት ወደየት እንደሚያዞረው ወስኖ ጨርሷል። ሌላው ፓስፖርት እንኳ ሳያወጣ የሚያርፍበትን ሆቴል ከነፎቁ ያውቃል። አንባቢ ዙሪያውን ቢያይ አያጣውም፤ ዙሪያውን አይቶ ካጣው ደግሞ መስታወት ይይ።

የዛሬው ባለ ጉዳያችን በአንድ ማተሚያ ቤት ምድር ቤት ውስጥ መጽሐፍ ሲጠርዙ የኖሩ ሰው ናቸው። ስማቸውን የሚያውቀው የደመወዝ ክፍል ብቻ ነው። ለሌላው ሁሉ ክቡር መራጭ ናቸው። ማዕረጉን ያወጣላቸው በወረቀት መቁረጫ ማሽን ላይ የሚሠራው ጎልማሳ ነበር፤ ያወጣላቸውም ሊያላግጥ ነው። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው እንደ ሹመት ተቀበሉት። ከዚያ ወዲያ የሚያላግጥ ሰው ማዕረጋቸውን ጠርቶ ነው የሚያላግጥባቸው፤ ይህም አላጋጩን ራሱን ትንሽ ያሳፍረዋል።

የክቡር መራጭ ጉዳይ ባጭሩ ይህ ነው፦ ገንዘብ ችግር ባይሆን ኖሮ የሚይዟቸው ሁለት ሞተር ብስክሌቶች። ሁለት ብቻ።

“ገንዘብ ችግር ካልሆነ ለምን አሥር አይሉም ጋሼ?” አላቸው ያው የመቁረጫው ባለሙያ አንድ ቀን።

“ገንዘብ ችግር አይሁን አልኩ እንጂ አእምሮዬን ልጣ አልኩ?” አሉት ክቡር መራጭ፣ ክር በሰም እያሻሹ። “ስንት መቀመጫ ነው ያለኝ? ሁለት ስመርጥ ሌላውን ሁሉ ትቻለሁ። አሥር የሚል ሰው ምንም አልተወም። ምንም ያልተወ ሰው ደግሞ ምንም አልመረጠም።”

“አንድስ ቢሆን?”

“አንድማ ዕጣ ነው።”

ይህን ንግግር ጥግ ላይ ካለው በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ሻይዋን ይዛ፣ ፊቷን ሳትፈታ የሰማች ሴት ነበረች። እሷ የማተሚያ ቤቱ ዋና አራሚ ናት። ቢሮዋ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ግን እዚያ ላይ ሆና ሻይ ስታነሣ ሁልጊዜ አንድ ደራሲ በሩን ስለሚያንኳኳ፣ ለአሥር ሰዓቱ ዕረፍት ወደ ጥረዛ ክፍሉ መውረድ ከጀመረች ሃያ ስድስት ዓመት ሆኗታል። ደራሲ ምድር ቤት አይወርድም። ዋና አራሚዋ አንድን ገጽ ሦስት ጊዜ ተመልሳ የምታነብ፣ ያላመነችበትን መስመር ሚኒስትር ቢጽፈውም የማታሳልፍ፣ በዚህም ምክንያት ብዙ የምትከበርና ትንሽ የምትወደድ ሴት ናት። ስለ ሞተር የምታውቀው ነገር ቢኖር መንገድ ስታቋርጥ መሸሽ እንዳለባት ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ክቡር መራጭን ያዳመጠቻቸውም፣ ለራሷ እንደምትለው፣ ሻይዋ እስኪበርድ ነው፤ አልፎ አልፎ ብቻ “ምክንያት?” ትላቸዋለች።

በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ክቡር መራጭ የአንድም ፋብሪካ ስም ሲጠሩ አልሰማችም። “የፋብሪካ ስም ለሻጭ ነው” ይላሉ። “መራጭ የሚያየው ባሕርይ ነው።” አንደኛዋ ሞተር ለከተማ ናት፦ አንድ ሲሊንደር ያላት፣ ጎማዋ ቀጭን፣ በእግር ተረግጣ የምትነሣ፣ ቆማ ስታጓራ ድምጿ “ልሂድ? ልቅር?” እንደሚል ሰው የሚያመነታ። ሁለተኛው ለሩቅ መንገድ ነው፦ ሁለቱ ሲሊንደሮቹ በግራና በቀኝ እንደ ክርን የወጡ፣ ሰንሰለት የሌለውና በዘንግ የሚነዳ፣ ቀኑን ሙሉ ሲጓዝ ውሎ የማያልበው። የአንደኛዋ ቀለም ጥቁር አረንጓዴ ነው። የሁለተኛው ቀለም ለዘጠኝ ዓመት ክርክር ላይ ቆይቶ ግራጫ ሆኖ ጸድቋል።

በዚህ ምርጫ ላይ የሚደረግ ለውጥ በቀላሉ የሚታይ አይደለም። አንድ ጊዜ ሁለተኛው ሞተር በድንገት ከሥልጣን ወረደ። ምክንያቱ የኋላ መብራቱ ነበር፤ ፋብሪካው ክቡን መብራት በአራት ማዕዘን ለውጦት ተገኘ። ክቡር መራጭ ዜናውን ከአንድ መጽሔት ላይ ባነበቡ ዕለት የመጽሐፍ ቆዳ ሲደጉሱ መስመሩ ጠመመባቸው፤ ቆዳውም ተበላሸ። ለሰባት ወር ሁለተኛው መንበር ባዶ ሆነ። የመቁረጫው ባለሙያ ዕጩ ያቀርባል፣ ክቡር መራጭ ይጥላሉ። የቀለም ክፍሉ ኃላፊ ዕጩ ያቀርባል፣ ክቡር መራጭ ይጥላሉ። አንደኛው ዕጩ የወደቀው “ጉልበቱን ያሳያል” ተብሎ ነው፤ ሌላው “የተቀመጠበት ሰው ጥንዚዛ ነው የሚመስለው” ተብሎ ነው። በስምንተኛው ወር ክቡር መራጭ በአሥር ሰዓት ላይ ወስፌያቸውን አስቀምጠው ተነሡና፣ የቀድሞው ሞተር በክቡ መብራት ዘመን የተሠራው ብቻ እንዲመለስ መወሰናቸውን አስታወቁ። ክፍሉ አጨበጨበ። ዋና አራሚዋ አላጨበጨበችም። “ታዲያ ያኔውኑ ለምን አላሰብክበትም?” ብቻ ነው ያለቻቸው።

“ተናድጄ ነበር” አሉ ክቡር መራጭ። “በንዴት ሰባት ወር ጠፋ።”

በዓመት አንድ ጊዜ ኮታቸውን አስተኩሰው፣ ጫማቸውን ወልውለው ወደ ሞተር መሸጫው ይሄዳሉ። የጠራዥ ማስመሪያቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ከመቀመጫው እስከ መሬት ይለካሉ። ቁልቁል ጎንበስ ብለው ማርሚታውን ያዩታል፤ ጭስ የሚወጣበት ቱቦ ያልተስተካከለ እንደሆነ ጠዋት ጠዋት ጎረቤት ይሰድባል ባይ ናቸው። አዲስ የተቀጠረ ሻጭ መጥቶ፣

“አባባ፣ ሊገዙ ነው?” ሲላቸው፣

“መግዛት የመጨረሻው ነው ልጄ” ይሉታል። “ስንት ነገር ይቀድመዋል!”

ነባሮቹ ሻጮች ግን ሲመጡ ሲያዩዋቸው ይደበቃሉ አሉ። አንዱ፣ ክቡር መራጭ ጠይቀውት ያልመለሰውን ጥያቄ በማግሥቱ ከአስመጪው ጠይቆ፣ መልሱን በወረቀት ጽፎ ዓመቱን ሙሉ በመሳቢያው አስቀምጦላቸዋል ይባላል።

ስለ ባለቤታቸው የሚያዝን ብዙ ነው። ባለቤታቸው በአንድ ትምህርት ቤት የልብስ ስፌት የሚያስተምሩ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሴት ናቸው። አንድ ጊዜ ጎረቤታቸው “ኧረ ይኼን ሰውዬ አንድ በይው፤ ዕድሜውን በሞተር ወሬ ጨረሰው እኮ!” ቢላቸው፣ “የሌላው ባል ውጭ ውጭውን ሴት ይመርጣል” አሉት። “የእኔ ጎማ ይመርጣል። ጤና ይስጥልኝ።”

ዋና አራሚዋ ይህን የሰማችበት ቀን ከሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ከሳቀችባቸው ጥቂት ጊዜያት አንዱ ሆነ።

እንግዲህ ክቡር መራጭ ጡረታ የሚወጡበት ወር መጣ።

በዚያ ማተሚያ ቤት ለተሰናባች የግድግዳ ሰዓት መስጠት የቆየ ልማድ ነው። ዋና አራሚዋ የስንብት ኮሚቴው ሰብሳቢ ስትሆን የመጀመሪያ ቃሏ “ሰዓት አይሆንም” የሚል ነበር። “ዕድሜውን ሙሉ በደወል የሠራ ሰው፣ አሁን ቤቱ ሆኖ ጊዜ ሲያልፍ ይቁጠር?” ቀጥላም ሁሉንም ያስደነገጠውን ሐሳብ አቀረበች፦ ሞተር ይገዛላቸው።

ክፍሉ ተንጫጫ። ሃያ ስድስት ዓመት ያላገጠባቸው ሁሉ፣ ይህንን ለማካካስ የሚጠብቅ ይመስል፣ ከደመወዙ ለማዋጣት ተሽቀዳደመ። የመቁረጫው ባለሙያ ከሁሉ በፊት ፈረመ። የትራንስፖርት ኃላፊው ጥሩ የተያዘ፣ ቀይ፣ ቀለል ያለ ሞተር የሚሸጥ ሰው እንደሚያውቅ ተናገረ።

ዋና አራሚዋ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው። “ከሁለቱ አንዱ ነው?”

“እነሱማ የት ይገኛሉ እትዬ፤ ቢገኙስ የት ይቻላሉ” አለ የትራንስፖርት ኃላፊው። “ግን ተቀራራቢ ነው። እንደ አንደኛዋ አንድ ሲሊንደር ነው ያለው።”

ዋና አራሚዋ ትንሽ አሰበችና “ይሁን” አለች።

ሐሙስ ጠዋት የወረቀት መጋዘኑ ተጠርጎ ወንበር ተደረደረ። ሥራ አስኪያጁ መጣ፤ የክቡር መራጭ ባለቤት ተጋብዘው ከፊት ተቀመጡ። ሞተሩ በጥቅል ወረቀት ተሸፍኖ መሐል ቆሟል። ዋና አራሚዋ ከተቀመጠችበት ተነሥታ አጭር ንግግር አደረገች። በአደባባይ መናገር አትወድም፤ ያን ዕለት ግን ድምጿ ሳይቀር ሞቅ አለ። “ጓደኛችን ዕድሜውን ሙሉ ሌላው ሰው የጻፈውን ሲያሰናዳ ኖሯል። ዛሬ እኛ ለእሱ አሰናዳን። የተመኘው ሞተር ይኸው!” ብላ ወረቀቱን ገፈፈችው።

ጭብጨባው የመጋዘኑን ቆርቆሮ አንቀጠቀጠው። ክቡር መራጭ ተነሡ። ሞተሩን አንድ ጊዜ ዞሩት። ጎንበስ ብለው ሁለተኛ ዞሩት። ፍሬኑን ጨብጠው ለቀቁት። ፊታቸው ላይ የሚነበብ ነገር አልነበረም።

“ጥሩ ሞተር ነው” አሉ። “የማን ነው?”

“ያንተ ነዋ!” አለች ዋና አራሚዋ እየሳቀች።

“አመሰግናለሁ” አሉ ክቡር መራጭ። “አልቀበልም።”

መጀመሪያ የሳቀ ሰው ነበር፤ ቀልድ መስሎታል። ሳቁ መሐል ላይ ተቋረጠ። ሥራ አስኪያጁ ተነሥቶ፣ “ጋሼ፣ ሠራተኛው እኮ ከአፉ ነጥቆ ነው” አለ። የቀለም ክፍሉ ኃላፊ “ኧረ ለወጉ እንኳ ይቀበሉ!” አለ። የመቁረጫው ባለሙያ ፊቱ ቀልቶ ጮኸ፦

“ሃያ ስድስት ዓመት ሞተር፣ ሞተር ሲሉ ኖረው?”

“አንድም ቀን ሞተር ብዬ አላውቅም” አሉት ክቡር መራጭ። ድምፃቸው ከፍ አላለም። “ሁለቱን ነው ያልኩት። ይህን ብቀበል፣ ያ ሁሉ ዓመት ሞተር ያጣ ሰው ወሬ ነበር ማለት ነው። እኔ ሞተር ያጣሁ ሰው አይደለሁም። የመረጥኩ ሰው ነኝ።”

“ምኞትና ምርጫ ምን ለየው?” አለ ሥራ አስኪያጁ።

“ምኞት የመጣለትን ይቀበላል” አሉ ክቡር መራጭ፤ ባርኔጣቸውን አነሡ፤ ወደ ጥረዛ ክፍላቸው ወረዱ።

መጋዘኑ ውስጥ የቀረው ሰው ዓይኑን ወደ ባለቤታቸው አዞረ። እሳቸው ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠው ነበር። “እኔን ጠይቃችሁኝ ቢሆን ነግሬያችሁ ነበር” አሉ።

ዋና አራሚዋ እስከ አሥር ሰዓት ቢሮዋን ዘግታ ተቀመጠች። አንዱን ገጽ አራት ጊዜ አነበበች፤ አራት ጊዜም ምን እንደሚል አላወቀችውም። ሐሳቧ ሰባ ሰው ፊት መዋረዷ ላይ ነበር። ከዚያ የባሰው ደግሞ ሃያ ስድስት ዓመት ሻይ የጠጣችበት በርጩማ ነገ ለእሷ ይኑር አይኑር አለማወቋ ነበር። ደወሉ ሲደወል ግን እግሯ እንደለመደው ወረደ።

ክቡር መራጭ ዕቃቸውን እየሰበሰቡ ነበር፦ ወስፌ፣ መርፌ፣ ከአጥንት የተሠራው የወረቀት ማጠፊያ፣ እጀታው በጨርቅ የተጠቀለለ ቢላዋ። ቀና ብለው አላዩዋትም።

“አዋረድከኝ” አለች በሩ ላይ ቆማ።

“አንቺ ነሽ ያዋረድሽኝ።”

“እኔ? ሰው ልመና ወጥቼልህ?”

“ማን ለምኚልኝ አለሽ?” ቢላዋውን አስቀመጡት። “ባለፈው ዓመት ያንን የአትክልት መጽሐፍ ማሽን ላይ ከወጣ በኋላ ያስቆምሽው ለምን ነበር?”

“አሁን እሱን ምን አመጣው?”

“ለምን ነበር?”

ዋና አራሚዋ ሳትወድ መለሰች። “ጉድጓዱ አንድ ክንድ ገደማ ይቆፈር ስለሚል።”

“ደራሲውን ምን አልሽው?”

“ገደማ ስንት ነው፣ አልኩት።”

“ሦስት ቀን አመላለስሽው። ምስኪኑ ሰውዬ ጓሮው ሄዶ በሜትር ለክቶ ተመለሰ። ለጎመን እንዲያ የተጨነቅሽ ሴት፣ ለእኔ ሲሆን ‘ተቀራራቢ ነው’ ሲሉሽ ‘ይሁን’ አልሽ። ሰማሁ እኮ፤ የትራንስፖርቱ ሰውዬ ነገረኝ።”

ዋና አራሚዋ ከበሩ ገብታ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች።

“ሌላ ሰው ቢሰጠኝ ስቄ እቀበል ነበር” አሉ ክቡር መራጭ፤ አሁን ድምፃቸው ወርዷል። “የመቁረጫው ልጅ ቢሰጠኝ እቅፍ አድርጌ ስሜው እነዳው ነበር። እሱ ሲያላግጥ ነው የኖረው፤ ምን ያውቃል? አንቺ ግን አንድ ቀን አላግጠሽ አታውቂም። ‘ምክንያት?’ እያልሽ ስትጠይቂኝ ነው የኖርሽው። ከዚህ ቤት ውስጥ አንድ ሰው ነገሬን ከቁም ነገር ቆጥሮታል ብዬ ነበር።”

ሻይ የሚያፈላ አልነበረም፤ ሁለቱም ሳይጠጡ የዕረፍቱ ሰዓት አለቀ። ዋና አራሚዋ ደረጃውን ስትወጣ አንድ ነገር ገብቷት ነበር፤ የገባትም ነገር ደስ የሚል አልነበረም። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ የራሷ የሆነ ስህተት ታትሞ ወጥቶባት አያውቅም። ዛሬ ወጣ። ለዚያውም ሰባ ሰው ፊት፣ በራሷ አፍ።

በማተሚያ ቤት ስህተት ታትሞ ሲገኝ የሚደረገው የታወቀ ነው። መጽሐፉ አይቃጠልም፤ ደራሲውም አይወቀስም። “ማረሚያ” የተባለች ጠባብ ወረቀት ትታተምና ጠራዡ ከፊተኛው ገጽ ጎን በቀጭን ሙጫ ይለጥፋታል። አርብ ጠዋት ሠራተኛው ሲገባ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ፣ ከፈረቃ ዝርዝሩ ጎን፣ በንጹሕ ፊደል የታተመች እንዲህ ያለች ወረቀት አገኘ፦

“ማረሚያ። ሐሙስ በተደረገው የስንብት ዝግጅት ‘የተመኘው ሞተር’ የተባለው ‘እሱ ያልመረጠው ሞተር’ ተብሎ ይነበብ። ስህተቱ የዋና አራሚዋ ነው።”

የለጠፉት ራሳቸው ክቡር መራጭ ነበሩ። ዋና አራሚዋ ጠዋት በማለዳ ወረቀቷን ይዛ ምድር ቤት ወርዳ፣ ምንም ሳትናገር ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። አነበቡት። ለረጅም ጊዜ አነበቡት። ከዚያ የመጨረሻ ቀናቸው፣ የመጨረሻ ሥራቸውም ነውና፣ ሙጫቸውን በጥንቃቄ አቅጥነው፣ አንዲት ጥግ እንኳ ሳትነሣ ለጠፏት።

ሞተሩን ምን እናድርገው ተባለ። ጥያቄውን የመለሰችው ተላላኪዋ ነበረች፤ ዓመታት ሙሉ የዕርማት ወረቀት በእግሯና በአውቶቡስ ስታመላልስ የኖረች፣ ጉልበቷ የተጎዳ ሴት። “እሳቸው ምርጫ አላቸው፤ እኔ እግር ነው ያለኝ” አለች። “አምጡልኝ! የወንድሜን ሞተር እየነዳሁ ነው ያደግኩት።”

ክቡር መራጭ ይህን ሲሰሙ ከምድር ቤት ወጡ። “ቆይ፣ ፍሬኑ ሳይታይ አትወጪበትም” አሏት። ሞተሩን ወደ ግቢው ገፍተው አወጡት። መፍቻ አስመጡና የሆነ ነገር አጠበቁ፣ የሆነ ነገር አላሉ። ከዚያ ባርኔጣቸውን ለተላላኪዋ አስያዙና ተቀመጡበት።

እስከዚያ ቀን ድረስ ሲነዱ ያያቸው ሰው አልነበረም። ያላገጡባቸው ሁሉ፣ ሰውዬው ጭራሽ መንዳት አይችሉም ብለው ሲወራረዱ ነው የኖሩት። ክቡር መራጭ ግን በግቢው መሐል የተቆለለውን ወረቀት ሦስት ጊዜ ዞሩት፤ ጀርባቸው ቀጥ እንዳለ፣ ክርናቸው ሳይከፈት፣ እግራቸው አንድ ጊዜ እንኳ መሬት ሳይነካ። በሦስተኛው ዙር መታጠፊያው ላይ ጠበብ አድርገው ሲዞሩ የመቁረጫው ባለሙያ “ወይኔ!” አለ በቀስታ። መጥተው ቆሙ፣ አጠፉት፣ ቁልፉን ለተላላኪዋ ሰጧት።

“ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለሽ ልቀቂ፤ ይቸኩላል” አሏት።

ዋና አራሚዋ አጠገባቸው ቆማ ነበር። ፊታቸው ላይ ያየችውን ደስታ ሌላ ሰው ቢነግራት ኖሮ አታምነውም ነበር። “እንዴት ነበር?” አለቻቸው።

“ግሩም ነበር።”

“ታዲያ?”

“ምን ታዲያ አለው?” አሉ ክቡር መራጭ ባርኔጣቸውን እያጠለቁ። “ግሩም የሆነውን ሁሉ ከመረጥኩማ አሥር አልኩ ማለት ነው።”

ከዚያ ሊወስዷቸው ከመጡት ባለቤታቸው ጋር በእግራቸው፣ ቀስ እያሉ፣ በግቢው በር ወጡ። የግድግዳ ሰዓት እንኳ አልያዙም።

ሰኞ ዕለት ሥራ አስኪያጁ ሰሌዳው ፊት ቆሞ ማረሚያዋን አነበበና ዋና አራሚዋን አስጠራት። “እትዬ፣ እንግዳ ይመጣል፣ ደራሲ ይመጣል” አላት። “ይቺን ቀልድ ብናነሣትስ?”

“ስቀልድ አይተውኝ ያውቃሉ?” አለችው።

“አይ፣ እንደሱ ማለቴ ሳይሆን…”

“ማረሚያ አይነሣም። ያነሡት እንደሆነ ስህተቱ ብቻውን ይቀራል። ደግሞ ማን እንደለጠፋት ያውቃሉ፤ ቢሞክሩም አትላቀቅም።”

ሥራ አስኪያጁ አልሞከረም። ወረቀቷ ዛሬም እዚያው ናት፤ ዙሪያዋ የተለጠፈው ሁሉ በየሳምንቱ ሲቀየር እሷ ብቻ ትንሽ ወደ ቢጫነት አድልታለች። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር ቆሞ ያነባትና ምን ማለት እንደሆነ ይጠይቃል። ሁሉም ወደ ሁለተኛ ፎቅ ይልከዋል። ዋና አራሚዋም ብዕሯን ታስቀምጥና፣ አንድም ቃል ሳታጓድል፣ አንደኛዋን ከነአረንጓዴዋ፣ ሁለተኛውን ከነክብ መብራቱ፣ ምክንያቱን ከነምክንያቱ ትነግረዋለች። የሳቀ እንደሆነ ወርዶ ደግሞ እንዲያነብ ትመልሰዋለች።

በቅርቡ የተቀጠረ አንድ የፊደል አቀናባሪ ግን አልሳቀም። እስከ መጨረሻው በጥሞና አዳመጣትና፣ በአክብሮት፣ እሷስ ብትሆን የትኞቹን ሁለት እንደምትይዝ ጠየቃት።

ዋና አራሚዋ መነጽሯን አወለቀች። በሩ ተዘግቶ እንደሆነ አየች።

“እኔ ገና አንዱን ነው የወሰንኩት” አለችው። “አታጣድፈኝ።”